«በሳይንስ የተረጋገጠ» ሲባል፦ ስለ ጡንቻ ገንቢው የስብ እንክብል

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ እንክብል ነው። እንክብሉ የተሠራው ከስብ ነው። ሻጮቹ «ስብ ያቀልጣል፤ ጡንቻ ይገነባል» ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ሐሰት? አብረን እንመርምር። ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። በመካከሉ የምናሰላው ሒሳብ አለ።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። በማታ ትምህርት ከማስተምራቸው ሰዎች አንዱ ወጣት ነው። ሥራው ሸክም ነው። ቀን እህል ተራ ጆንያ ሲሸከም ይውላል፤ ማታ ፊደል ይቆጥራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በሰፈሩ ካለ ጂም እየገባ ብረት ያነሳል። አንድ ማታ ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ከኪሱ አንድ የፕላስቲክ ብልቃጥ አወጣ።

«መምህር፣ እስቲ ይሄን ያንብቡልኝ። የሳይንስ ማስረጃ አለው ብለው ነው የሸጡልኝ» አለ።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። አነበብኩለት። በትልቁ «ሲኤልኤ» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል አለበት። ዋጋውን ጠየቅሁት። ሲነግረኝ ደነገጥሁ። የአሥር ቀን የሸክም ገንዘብ ነው! ለእናቱ በየወሩ ከሚልከው ላይ ቀንሶ ነው የገዛው። ምሳውንም በሻይና በዳቦ እያሳለፈ ነው።

«ታዲያ ይሠራል፣ መምህር?» አለኝ።

እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ «ጥቂት ቀን ስጠኝ፤ አንብቤ እነግርሃለሁ» አልኩት። አነበብኩ። ለእሱ የነገርኩትን ዛሬ ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

ይህ ስብ ምንድን ነው?

ቅቤ፣ ዘይት፣ ሞራ፣ ጮማ፤ እነዚህ ሁሉ ስብ ናቸው። ቤት ከጡብ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ስብም የሚሠራው በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ከእነዚህ ዋነኞቹ «የስብ አሲዶች» ይባላሉ። የስብ አሲድ ብዙ ዓይነት ነው።

ከነዚህ አንዱ «ሊኖሌይክ አሲድ» ይባላል። በሱፍ፣ በኑግና በሰሊጥ ዘይት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለብን።

እስቲ ሊኖሌይክ አሲድን እንዲህ አስቡት። 18 ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በሰልፍ ቆመዋል። አብዛኞቹ የተያያዙት በአንድ ገመድ ነው። በሁለት ቦታ ላይ ግን በድርብ ገመድ ታስረዋል። የሁለቱ ድርብ እስሮች ቦታ ትንሽ ቢለወጥና ተቀራርበው ቢታሰሩ፣ ሰዎቹ ያው 18 ናቸው፤ ሰልፉ ግን ሌላ ሰልፍ ይሆናል። ሲኤልኤ ማለት ይሄ ነው። የቅርብ ዘመዱ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ድርብ እስሮቹ ግን ተጠጋግተዋል። ሙሉ ስሙ «ኮንጁጌትድ ሊኖሌይክ አሲድ» ነው። ስሙን መሸምደድ አያስፈልግም። ሲኤልኤ ካላችሁ ይበቃል።

ሲኤልኤ ከወዴት ይመጣል? ከሚያመሰኩ እንስሳት ነው። ላም ሣር ስትበላ፣ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የሣሩን ስብ ይለውጡታል። በዚህ ጊዜ ሲኤልኤ ይፈጠራል። ስለዚህ በወተት፣ በቅቤ፣ በበሬና በበግ ሥጋ ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። በግጦሽ የዋለች ላም ወተት፣ ፋጉሎና እህል ብቻ ከምትበላ ላም ወተት ይልቅ ሲኤልኤ ይበዛበታል።

በብልቃጥ የሚሸጠው ግን ከላም የመጣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በፋብሪካ፣ ከሱፍ ዘይት ነው። አዎን፣ ለጾም ፍትፍት የምናደርገው ሱፍ! ዘይቱ በፋብሪካ ተለውጦ ሲኤልኤ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ሲኤልኤ ራሱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በቅቤ ውስጥ የሚበዛው አንደኛው ዓይነት ነው። በእንክብሉ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነቶች እኩል በእኩል ተደባልቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ቅቤውና እንክብሉ አንድ አይደሉም።

ወሬው ከየት ተነሣ?

የሲኤልኤ ታሪክ የሚጀምረው በአሜሪካ አገር፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማይክል ፓሪዛ የሚባሉ ተመራማሪ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ይመረምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ማለት «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር» ማለት ነው። የሚፈልጉት ሥጋ ሲጠበስ የሚፈጠሩ፣ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮችን ነበር። ሲፈልጉ ግን ያላሰቡትን አገኙ። በሥጋው ውስጥ ካንሰርን የሚከላከል የሚመስል ነገር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ያ ነገር ሲኤልኤ መሆኑን አስታወቁ።

ከዚያ በኋላ በአይጦች ላይ ሌላ ሙከራ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ውጤት ብዙ ሰው አስገረመ። ከአይጦቹ ምግብ መቶ እጅ ውስጥ ግማሽ እጁ ብቻ ሲኤልኤ እንዲሆን ተደረገ። ሲኤልኤ የበሉት አይጦች ስብ፣ ካልበሉት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ያነሰ ሆነ። ከስብ በቀር ያለው አካላቸው ደግሞ በወንዶቹ በመቶ 5፣ በሴቶቹ በመቶ 14 በለጠ።

ይህን የሰማ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ብልቃጥ ያሳትማል! «ስብ ያቀልጣል፤ ጡንቻ ይገነባል፤ በሳይንስ የተረጋገጠ» ብሎ ይጽፍበታል። ልብ በሉ፤ ጽሑፉ ሙሉ ውሸት አይደለም። በእርግጥም ሙከራ ተደርጓል። ነገር ግን በማን ላይ? በአይጥ ላይ። ይህን ብልቃጡ አይናገርም።

አይጥ ሰው አይደለችም። ከክብደቷ ጋር ሲታይ አይጧ የበላችው ሲኤልኤ፣ ሰው ከሚውጠው እንክብል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰውነቷም ስብን የሚያቃጥልበት መንገድ ከእኛ ይለያል። ስለዚህ በአይጥ የታየ ነገር ለሰው የሚሰጠው ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው የሚገኘው በሰው ላይ ሲሞከር ነው።

ትክክለኛ ሙከራ እንዴት ነው?

ገበሬው ይህን ከኔ ይበልጥ ያውቀዋል። አንድ ገበሬ አዲስ ማዳበሪያ አገኘ እንበል። በማሳው ሁሉ ላይ በተነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ መልካም ነበር። ምርቱ በዛ። ምርቱን ያበዛው ማዳበሪያው ነው ወይስ ዝናቡ? መለየት አይቻልም። ብልህ ገበሬ ግን ማሳውን ለሁለት ይከፍላል። በአንደኛው ማዳበሪያ ያደርጋል፤ ሁለተኛውን ይተወዋል። አፈሩ አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ ነው። ልዩነት ከታየ ያ ልዩነት የማዳበሪያው ነው።

በሰው ላይም እንደዚሁ ነው። ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን እውነተኛውን እንክብል ይወስዳል። ሌላው ወገን የሚመስለውን፣ ግን ተራ ዘይት የያዘውን እንክብል ይወስዳል። ይሄኛው «ማስመሰያ» ይባላል። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሰዎቹም፣ የሚመዝኗቸውም አያውቁም። ለምን? ሰው «መድኃኒት ወሰድኩ» ብሎ ሲያምን የበረታ ይመስለዋል፤ ብረቱንም አጥብቆ ያነሳል። መዛኙም ቢሆን ልቡ ሊያዳላ ይችላል።

በሰው ላይ ምን ተገኘ?

አሁን ወደ ውጤቱ እንምጣ።

አንደኛ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ሙከራ ነው። ክብደት ማንሳት የለመዱ 23 ሰዎች ለ28 ቀን ተሞከሩ። ግማሾቹ በቀን 6 ግራም ሲኤልኤ ወሰዱ። ሌሎቹ የወይራ ዘይት ወሰዱ። በመጨረሻ በጡንቻም፣ በስብም፣ በጉልበትም በሁለቱ ወገን መካከል ቁም ነገር ያለው ልዩነት አልታየም።

ሁለተኛ። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ፣ በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ነው። 76 ሰዎች ለ7 ሳምንት ክብደት አነሱ። ሲኤልኤ የወሰዱት በቀን 5 ግራም ወሰዱ። በእነዚህ ላይ ከስብ በቀር ያለው አካል በ1 ኪሎ ከ300 ግራም ጨመረ። ማስመሰያ በወሰዱት ላይ የጨመረው 200 ግራም ነው። ይሄ ለእንክብሉ የሚመሰክር ውጤት ነው፤ መደበቅ የለብንም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ለውጡን «በአንጻሩ ትንሽ» ብለውታል።

ታዲያ አንዱ «የለም» ሲል ሌላው «አለ» ቢል ማንን እንመን? አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ መልካም ዳኛ አይደለም። ሁሉንም ጠርቶ መስማት ያስፈልጋል። ሳይንስም እንዲሁ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች 18 ሙከራዎችን ሰብስበው አንድ ላይ መረመሩ። ሰዎቹ በአማካይ በቀን 3 ነጥብ 2 ግራም ሲኤልኤ ወስደው ነበር። ውጤቱ፦ ሲኤልኤ የወሰደ ሰው ከማስመሰያው ይበልጥ በሳምንት 90 ግራም ያህል ስብ ቀነሰ። ስለ ጡንቻስ? ሙከራዎቹ አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከስብ በቀር ያለው አካል የጨመረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም።

እስቲ እናስላ። የአንድ ሰው አካል፣ ስቡ ተቀንሶ፣ 50 ኪሎ ይመዝናል እንበል። የ50 ኪሎ አንድ መቶኛ ስንት ነው? ግማሽ ኪሎ ነው። ጭማሪው ከዚያም ያንሳል። ያውም ሁሉም ጡንቻ አይደለም። «ከስብ በቀር ያለው አካል» ሲባል ውሃም አብሮ ይመዘናል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ሲኤልኤ በአይጥ ላይ ብዙ ሠርቷል። በሰው ላይ ግን የሚሠራው በጣም ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይታይም። ጡንቻ ይገነባል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ የለውም።

ጉዳትስ የለውም?

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሄም መመርመር አለበት። እንክብሉ በአንዳንድ ሰው ላይ ሆድ ያውካል፤ ያስቀምጣል። ከዚህ የከበደም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ሆዳቸው የገፋ 60 ወንዶችን ለ12 ሳምንት ሞከሩ። በእንክብሉ ውስጥ ከሚገኙት ሁለት ዓይነቶች አንደኛውን ለብቻው የወሰዱት ሰዎች፣ በደማቸው ያለው ስኳር ከፍ አለ። ሰውነታቸውም ስኳርን ለመቆጣጠር ይበልጥ ተቸገረ። ስለዚህ የስኳር በሽታ ያለበት ወይም ከቤተሰቡ የስኳር በሽተኛ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ይህን እንክብል መዋጥ የለበትም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንዲሁ።

«እሺ፣ እንክብሉ ይቅር፤ ቅቤ በብዛት ልብላ» የሚልም ይኖራል። ይሄንንም እናስላ። በ1 ግራም የወተት ስብ ውስጥ 5 ሚሊግራም ያህል ሲኤልኤ አለ እንበል። በሙከራ የሚሰጠው 3 ግራም ያህል ነው። 3 ግራም ማለት 3,000 ሚሊግራም ነው። 3,000 ለ5 ሲካፈል 600 ይሆናል። በቀን 600 ግራም የቅቤ ስብ! ከግማሽ ኪሎ በላይ ማለት ነው። ይህን በየቀኑ የሚበላ ሰው የሚገነባው ጡንቻ አይደለም፤ ቦርጭ ነው። ልቡንም ይጎዳል።

ታዲያ ጡንቻን የሚገነባው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ሥራ ነው። ጡንቻ ከለመደው በላይ ሲሠራ፣ ከዚያ ዕረፍት ሲያገኝ፣ ራሱን አጠንክሮ ይሠራል። ለዚህ ያለው ማስረጃ እጅግ የጠነከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ የተደረገ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ 10 አረጋውያን በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። ዘጠኙ 8 ሳምንት ጨረሱ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በመቶ 174 ጨመረ። ይህ ማለት በፊት 10 ኪሎ ያነሳ የነበረ እግር፣ በ8 ሳምንት ውስጥ 27 ኪሎ አነሳ ማለት ነው። በ90 ዓመት ዕድሜ ይህ ከሆነ፣ በ20 ዓመትማ ምን ያህል ይሆን!

ሁለተኛው ገንቢ ምግብ ነው። ገንቢ ምግብ ፕሮቲን ያለበት ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች በ1,863 ሰዎች ላይ የተደረጉ 49 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ፕሮቲን መጨመር ጥቂት እንደሚረዳ አዩ። ግን ጣሪያ አለው። ለ1 ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 ነጥብ 6 ግራም ካለፈ በኋላ፣ ሌላ ቢጨመር በአማካይ ተጨማሪ ጥቅም አልታየም።

60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ጣሪያው ስንት ነው? 60 ሲባዛ በ1 ነጥብ 6፣ 96 ግራም ይሆናል። ይህን ከየት ያገኘዋል? በ100 ግራም ምስር፣ አተር ክክ ወይም ባቄላ ውስጥ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 11 ግራም ያህል አለ። በአንድ እንቁላል ውስጥ 6 ግራም ያህል አለ። እንግዲህ ደምሩ። 200 ግራም ጥራጥሬ፣ 50። 300 ግራም ጤፍ፣ 33። ሁለት እንቁላል፣ 12። ድምሩ 95 ነው። ጣሪያው ጋር ደረስን ማለት ነው! ብዙ ሰው ደግሞ ጣሪያው ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። በጾም ወራት እንቁላሉ ቢቀርም ሽሮውና ምስሩ አሉ። እንጀራና ወጥ አብረው ሲበሉ፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው ያሟላል።

ሦስተኛው እንቅልፍና ዕረፍት ነው። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ

ለወጣቱ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «መምህር፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ኩንታል ስሸከም ነው የምውለው» አለ። እውነቱን ነው። ሥራው በቂ ነበረ። የጎደለው ሥራ አልነበረም፤ የጎደለው ምሳ ነበር። ጡንቻ ለመገንባት ብሎ እንክብል ገዛ፤ እንክብሉን ለመግዛት ብሎ ጡንቻ የሚገነባውን ምሳ ተወ። ክፋቱ ይሄ ነው። ብልቃጡ የወሰደበት ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ የእናቱን ድርሻና የራሱን ሽሮ ነው።

ብልቃጡን ሊመልሰው ሄደ። ተከፍቷልና አንቀበልም አሉት። ገንዘቡ ቀረ። ምሳውን ግን እንደገና መብላት ጀመረ። በሚቀጥለው ወር ለእናቱ የሚልከውንም እንደ ቀድሞው ሞላው።

እኔም ከዚያ ቀን አንድ ነገር ተማርኩ። ፊደል መቁጠር ብቻ አይበቃም። የተጻፈውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. የተሞከረው በማን ላይ ነው? በሰው ወይስ በእንስሳ?
2. ስንት ሰዎች ተሞከሩ? ለስንት ጊዜ?
3. ከምን ጋር ተነጻጸረ? ማስመሰያ የወሰደ ወገን ነበረ?
4. ልዩነቱ ስንት ነው? በኪሎና በግራም ይነገረን።
5. የሚነግረን ማን ነው? ከሽያጩ ይጠቀማል?

እነዚህን በደብተራችሁ ገልብጡ። ለጎረቤታችሁም አንብቡላቸው።

ለውይይት፦ በሰፈራችሁ «ኃይል ይሰጣል» ወይም «ያፋፋል» ተብሎ የሚሸጥ ምን አለ? ከአምስቱ ጥያቄዎች ስንቱን መመለስ ይችላል? ዋጋው ስንት ኪሎ ምስር ይገዛል? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ፤ የደረሳችሁበትንም ጻፉ።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ድረስ ደህና ሰንብቱ።